«አመሰግናለሁ» ካለ በኋላ ምን ይጻፍ? ልጆች ለስጦታ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ ስለ መርዳት

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ መናኸሪያ የደረሰ ጥቅል፣ ቤት ከገባ በኋላ ለመፈታት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ልጁ ገመዱን በጥርሱ ይበጥሳል፣ ፌስታሉን ይቀድዳል፣ ውስጡ ያለውን አውጥቶ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ወደ ደጅ ይሮጣል። ዕቃውን ከሱቅ ሱቅ ዞራ የመረጠችው፣ የጫማውን ቁጥር በስልክ ጠይቃ ያረጋገጠችውና በማለዳ ተነሥታ ወደ ጅማ ለሚመጣ ሰው ያደረሰችው አክስት ግን ያችን ደቂቃ አላየችም። የምስጋና ደብዳቤ ዋና ሥራው ሰጪው ሳያየው ያለፈውን ያን ጊዜ በወረቀት ላይ አኑሮ ወደ እሱ መውሰድ ነው። ልጆች ይህን ለማድረግ ለምን እንደሚቸገሩና አዋቂው ራሱ ሳይጽፍላቸው እንዴት ሊረዳቸው እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ሰጪው ፊት ለፊታቸው ሲኖር ልጆቻችን ምስጋና አያጡም። ስጦታን በሁለት እጅ መቀበል፣ ጎንበስ ማለት፣ ከታላቅ እጅ የተቀበሉትን ነገር እዚያው በችኮላ አለመፍታት ከትምህርት ቤት በፊት በቤት የሚለመዱ ናቸው። በጅማ በአንድ ሰፈር ውስጥ አንዱ ልጅ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ ሌላው «አላህ ይስጥልኝ»፣ ሦስተኛው «ገለቶሚ» ሲል ይሰማል፤ አዋቂውም «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ይመርቀዋል። ልብ ብለን ብናየው ግን ከዚህ ምስጋና ውስጥ በቃል የሚባለው ጥቂቱ ነው። ብዙውን የሚናገሩት የልጁ ፊት፣ የእጁ አዘረጋግና ድምፁ ናቸው። ሰጪው በሌለበት ጊዜ ፊቱም እጁም ድምፁም ይጎድሉና አንዲት ቃል ብቻ ትተርፋለች፤ ልጁም ያችን ቃል ጽፎ ሲጨርስ የቀረው ወረቀት ባዶ መሆኑን አይቶ ይደነግጣል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው አባባል ለአዋቂ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ግን አንጀቱ ሞልቶ ቃሉ ሊጎድልበት ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች የምስጋና ደብዳቤን የውጭ ልማድ አድርገው ይመለከቱታል። ከሱቅ ተገዝቶ የሚላከው የታተመ ካርድ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ ቢሆንም፣ ሩቅ ላለ ዘመድ «ይድረስ ለ…» ብሎ መጀመር፣ ጤናውን መጠየቅ፣ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ሰላም ማለትና የተላከው ዕቃ መድረሱን ማስታወቅ ወላጆቻችንና አያቶቻችን በሚገባ የሚያውቁት የደብዳቤ ሥርዓት ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ወረቀትን ስጦታ አድርጎ መስጠት አዲስ አይሆንባቸውም፤ መስከረም 1 ቀን ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉና። በዚያው ቀለም የተሣለች አበባ በምስጋናው ወረቀት ጥግ ላይ ብትቀመጥ ለጸሐፊውም ለተቀባዩም የታወቀች ናት።

የልጆቹ ችግር የሚጀምረው ከእጅ ሳይሆን ከሐሳብ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በአጠገቡ የሌለን ሰው በዓይነ ኅሊናው አስቀምጦ፣ ያ ሰው የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየት ይኖርበታል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ጫማው ቀይ መሆኑን ራሱ ስላየ ሁሉም ሰው ያየው ሊመስለው ይችላል፤ ጫማውን አድርጎ ጭቃ ውስጥ መግባቱንም እሱ ካልነገራት አክስቱ እንደማታውቅ ላያስብ ይችላል። ስለዚህ አንድ መስመር ጽፎ «ሌላ ምን ልጻፍ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህን ስንፍና ብሎ መቆጣት ስሕተት ነው፤ በእሱ አስተያየት የሚነገረው ነገር በእርግጥ አልቋል።

ምስጋና ራሱ በዕድሜ መልኩን ይለውጣል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፍራንሲስካ ባውምጋርተን-ትራመር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት ጥናት፣ በስዊዘርላንድ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ከ1,000 የሚበልጡ ልጆችን ከሁሉ የሚልቀው ምኞታቸው ምን እንደሆነና ያን ምኞት ለሚፈጽምላቸው ሰው ምን እንደሚያደርጉለት ጠይቀዋቸው ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ «አመሰግነዋለሁ» ብለው መለሱ። ከትንንሾቹ መካከል ግን ራሳቸው የሚወዱትን ነገር በምላሹ እንሰጠዋለን ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ልጆቹ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ደግሞ ሰጪው ራሱ የሚፈልገውን ወይም የሚጠቅመውን ማሰብ እየበረከተ መጣ።

ይህን ያወቀ ወላጅ የልጁን አነጋገር በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ትንሹ ልጅ «ለአክስቴ ብዬን ልላክላት» ሲል አዋቂ ስቆ ያልፈዋል፣ ወይም «ብይ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ያርመዋል። ልጁ ግን በዕድሜው ልክ ሊሰጥ የሚችለውን ትልቁን ምስጋና እየተናገረ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ደብዳቤው ውስጥ ሊገባ ይገባዋል፤ ብይዋም በወረቀት ተጠቅልላ አብራ ብትሄድ ምንም ክፋት የለውም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ደግሞ «አክስትህ ከዚህ ቤት ወሬ የትኛውን መስማት የምትወድ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱ መልሱን ለመፈለግ የሚያስችል ዕድሜ ላይ ደርሷል።

እኔ ልጅ ሳለሁ የተማርሁት በሌላ መንገድ ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር አጎቴ የእጅ ሰዓት ልኮልኝ፣ አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ «ስለዋልህልኝ ወሰን የሌለው ውለታ» በሚል የሚጀምር ደብዳቤ ቃል በቃል እየነገረ አስጻፈኝ፤ ፊደሉ አላማረም ብሎም ሁለት ጊዜ አስገለበጠኝ። አጎቴ በበዓል ሲመጣ ስለ ደብዳቤው አመሰገነኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የአባትህን አነጋገር አውቀዋለሁ፤ አንተስ ሰዓቱን እንዴት አገኘኸው?» አለኝ። ማታ ማታ ትራሴ ሥር አድርጌ ድምፁን እየሰማሁ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ ነገርሁት። ያን ጊዜ በፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አባቴ ክፉ አላሰበም፤ ልጁ ሰው ፊት እንዳያፍር ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን አጎቴ ይጠብቀው የነበረው ወሬ ትራሴ ሥር ቀርቶ የተላከለት የአባቴ ቃል ነበር።

ስለዚህ የአዋቂው ድርሻ መጠየቅ እንጂ ቃል ማቀበል አይደለም። ጥያቄውም «ደስ አለህ?» የሚል መሆን የለበትም፤ ይህ «አዎ» ተብሎ የሚዘጋ ነው። «ስትፈታው መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?»፣ «ለማን አሳየህ? እሱስ ምን አለ?»፣ «ትናንት አድርገኸው የት ሄድህ?»፣ «ማታ የት አስቀመጥኸው?» የሚሉ ጥያቄዎች ልጁን ወደዚያች ደቂቃ ይመልሱታል። ልጁ ሲመልስ ወላጁ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት አራት ቃላት ብቻ፣ ለምሳሌ «ቀይ፣ ጭቃ፣ ካልሲ፣ ታናሽ እኅት» ብሎ ይይዝለትና ወረቀቱን ፊቱ ያስቀምጥለታል። ከዚያ ዝም ማለት ይገባል። ይህ ዝምታ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ አፋችን ላይ የመጣውን ዐረፍተ ነገር ልናቀብለው እንቸኩላለን፤ ነገር ግን ቸኩለን ያቀበልነው ዐረፍተ ነገር የእኛ ሆኖ ይቀራል።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አዋቂ ቃል እየሰጠ ያስጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ውድ አክስቴ ሆይ፣ ለላክሽልኝ ስጦታ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ እግዚአብሔር በዕድሜና በጤና ይጠብቅልኝ» የሚል ይሆናል። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ስጦታው ጫማ ይሁን ደብተር፣ ጸሐፊው የስድስት ዓመት ልጅ ይሁን የስድሳ ዓመት ሰው ከቃሉ አይታወቅም። በጥያቄ የተረዳ ልጅ ግን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «አክስቴ፣ ጫማው ደረሰኝ። ቀይ መሆኑን ወደድኩት። ትናንት ዘንቦ ጭቃ ውስጥ ገባሁ፤ ካልሲዬ ግን አልራሰም። እኅቴ አድርጋው ወደቀች። ትንሽ ይሰፋኛል፤ እማዬ ለከርሞም ይሆናል አለች። ስትመጪ አሳይሻለሁ። አመሰግናለሁ።» ጅማ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ የጎማ ቦት ጫማ የላከች አክስት ልትሰማ የምትፈልገው የካልሲውን ነገር ነው። «ይሰፋኛል» የሚለውንም አልሰርዘውም፤ የሚቀጥለውን ጫማ ስትገዛ ይጠቅማታል፤ ልጁም ምስጋና እውነትን ከመናገር ጋር እንደማይጣላ ያይበታል።

በአማርኛ የሚጻፍ ምስጋና አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው። ሰውን ሳይለይ ለሁሉ የሚያገለግል «ስለላክ…» የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ልጁ «ላክህልኝ»፣ «ላክሽልኝ» ወይም «ላኩልኝ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ አይችልም። አያቱን በየቀኑ «አንቺ» እያለ የሚያጫውት ልጅ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን «እርስዎ» ካላልህ ነውር ነው ሲባል ቃሉ ሁሉ ይተሳሰርበታል፤ ግማሹን «ላኩልኝ» ብሎ ጀምሮ ግማሹን «ስትመጪ» ብሎ ይጨርሰዋል። እኔ የምመክረው በአፉ እንደሚጠራቸው እንዲጽፍ ነው። «አንቱ» የሚላቸውን አባባን በ«እርስዎ»፣ «አንቺ» የሚላትን አያቱን በ«አንቺ» ይጻፍ፤ «ጋሼ» የሚለውን «ጋሼ»፣ «እትዬ» የሚላትን «እትዬ»፣ በአፋን ኦሮሞ «አኮ» እያለ ያደገባትንም ሴት አያት «አኮ» ይበላት። አያቲቱ በወረቀቱ ላይ የልጅ ልጇን ድምፅ የምታውቀው በዚህች መጠሪያ ነው። አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው መጽናት አለበት፤ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ቢደረግ የተቀላቀለውን ራሱ ሰምቶ ያርመዋል።

በጅማ ደግሞ በየትኛው ፊደል ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ይጨመራል። በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ የሚጽፈው ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በሥራ ላይ በዋለው በቁቤ ነው፤ በአማርኛ የሚማረው በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፤ አያቶቹ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያውቁ ወይም ጭራሹን ማንበብ ያልተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። መፍትሔው ልጁ በሚቀናው ቋንቋና ፊደል እንዲጽፍና በተቀባዩ ቤት ማን እንደሚያነበው አስቀድሞ ማወቅ ነው። አጋሮ አካባቢ ለሚኖሩ ወንድ አያት በቁቤ የተጻፈውን እዚያው ያለ የአጎት ልጅ ያነብላቸዋል፤ አዲስ አበባ ያለችው አያት ቁቤ የማታነብ ከሆነ ከልጁ ጽሑፍ ግርጌ ወላጅ ትርጉሙን በትንሽ ፊደል ሊጨምርላት ይችላል። የልጁን ወረቀት ቀድዶ በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ማስጻፍ ግን ለአያቲቱም ትርፍ የለውም፤ ያነበበላት ሰው ሲያስረዳት፣ ወረቀቱን ተቀብላ የልጅ ልጇን የእጅ ጽሑፍ በጣቷ መዳሰስ እሷም ታውቅበታለች።

እዚህ ላይ ሳይስተዋል የሚቀር ነገር አለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ቡና ተፈልቶ በሰው መካከል ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ገንዘብ ለላከ ሰው ሲጻፍ የብሩን መጠን አለመጥራት ይመረጣል፤ ለአንዱ የወንድም ልጅ የተላከውን ሌላው ሲሰማ ቅሬታ ሊፈጠር ይችላል። ልጁ የብሩን ቁጥር ትቶ ብሩ የዋለበትን ይጻፍ፤ በዒድ የተሰጠውን ለደብተርና ለቀለም እንዳዋለው፣ ወይም ገና እንዳልነካውና ምን ሊገዛበት እንዳሰበ ይናገር።

የገንዘብ ስጦታ ሌላም የሚያስጨንቅ ጎን አለው፤ በግልጽ ልጻፈው። ለልጁ ተብሎ የተላከ ገንዘብ ለቤት ኪራይ ወይም ለመድኃኒት የሚውልበት ጊዜ አለ። ኑሮ ያስገደደው ቤተሰብ ይህን ማድረጉ አያስወቅሰውም። የሚጎዳው፣ ልጁ ጫማ ሳይገዛለት «ጫማ ገዛሁበት» ብሎ እንዲጽፍ ሲደረግ ነው። ልጁ ያን ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ ምስጋና ማለት አዋቂን ደስ ለማሰኘት የሚነገር ሐሰት እንደሆነ ይማራል፤ ደብዳቤ መጻፍንም ከዚያች ቀን ጀምሮ ይጠላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወላጁ ራሱ ለላኪው ደውሎ እውነቱን ይንገረው፤ ልጁ ደግሞ እሱ በእውነት የሚያውቀውን፣ ስለታሰበ ደስ ማለቱንና የትምህርቱን ወሬ ይጻፍ።

ስጦታው ያልተወደደ ጊዜም መንገዱ ይኸው ነው። ኳስ ሲጠብቅ ሹራብ የደረሰው ልጅ «በጣም ወደድኩት» ብሎ እንዲጽፍ አይገደድ፤ ስለ ሹራቡ እውነት የሆነ አንድ ነገር ይፈለግለት። ማለዳ ላይ ሲበርድ ያሞቃል፣ ወይም አክስቱ ራሷ የሠራችው ነው፣ ወይም ኪስ አለው። አንድ እውነተኛ ነገር ሳይገኝ የቀረበት ስጦታ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ፊደል ስሕተት ወላጆች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ አዋቂዎችም «አመሰግናለሁ»ን በሁለቱም «ሰ» ሲጽፉ እናያለን። በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ የምስጋና ወረቀት የፈተና ወረቀት ይሆንና ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ስሕተት እንዳያገኙበት ሲል ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ያቆማል። የተቀባዩን ስም እናርም፤ ማንበብ የማይቻለውን ቃል እናስተካክል፤ የቀረውን እንተወው። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው አስቀድመው እንዲገምቱ አድርገው፣ ግምቱን ከተቀባዮቹ መልስ ጋር አስተያይተው ነበር። ጸሐፊዎቹ የተቀባዩን ደስታ አሳንሰው፣ እፍረቱን ግን አጋንነው ገምተው ተገኙ፤ እነሱ ቃሉ ማማሩን ሲያስቡ ተቀባዮቹ ያዩት የደብዳቤውን ሞቅታ ነበር። ጥናቱ የተደረገው በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም፣ ልጁን ከጎኑ ተቀምጦ የሚያርመውም አዋቂ ነውና ነገሩ ይመለከተናል።

ምን ያህል ይጻፍ ለሚለው ዕድሜው ይወስናል። ገና ፊደል ያልለየ ልጅ ሥዕል ይሣልና የተናገረውን ወላጁ ሳያሳምር እንዳለ ከሥር ይጻፍለት፤ ፊደል የጀመረ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው አምስት ስድስት መስመር ይጽፋል። ወጣትነት የደረሰው ለብቻው ይጻፍ፤ እሱ ካላሳየን አናንብብበት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ስጦታው በተፈታ በዚያው ቅጽበት ልጁን ማስቀመጥም፣ ወር ማሳለፍም አይጠቅምም፤ ሁለት ሦስት ቀን ተጫውቶበት የሚነግረው ወሬ ሲያገኝ የተሻለ ነው። «ደብዳቤ ካልጻፍህ አትነካውም» የሚለውን ሥርዓት አልደግፈውም፤ ዕቃው በቀረጥ የሚለቀቅ ይመስላልና። በልደት ወይም በመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ቀን ስጦታው ሲበዛ፣ ጥቅሎቹ ሲፈቱ ማን ምን እንደሰጠ አንድ ሰው በወረቀት ይያዝ፤ ከዚያ በቀን አንድ ወይም ሁለት ይጻፍ። ወላጁም በዚያው ጠረጴዛ ላይ የራሱን ደብዳቤ ይዞ ቢቀመጥ ልጁ ቅጣት ላይ እንዳለ አይሰማውም።

መላኩ ቀላል ነው። ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚያደርሰው በአብዛኛው ወደ ፖስታ ሳጥን ስለሆነ ቁጥሩ ካለ በዚያ፣ ከሌለ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ይላካል፤ በቴሌግራም ፎቶው ቀድሞ ቢሄድም ወረቀቱ ራሱ እስኪገናኙ ተቀምጦ በእጅ ይሰጥ። አንድ ነገር ግን ለወላጁ ይቀራል። አክስቲቱ የስጦታውን መፈታት እንዳላየች ሁሉ፣ ልጁም ደብዳቤው ሲነበብ አያይም። ስለዚህ ወረቀቱ በደረሰ ማግሥት ይደወልላትና የትኛውን መስመር ስታነብ እንደሳቀች ትጠየቅ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስለ ካልሲው የጻፈውን ሁለት ጊዜ እንዳስነበበች ይነገረው።